ከሀዋሳ ወደ አዲስ አበባ፦ የ10,000 ብር ጭማሪ ቤተሰብ ይዞ ለመሄድ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «ሀዋሳ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዜ 16,000 ብር ነው። አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ድርጅት በ26,000 ብር ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ተቆራርጦ 8,500 ብር እጁ ይገባል። የ7 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉን። ትንሿን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። ለቤት ኪራይ 5,000 ብር እንከፍላለን። ጀሞ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም 14,000 እንደሆነ ደላላ ነግሮኛል። ኑሮው እንደሚወደድ አውቃለሁ፤ ግን የ10,000 ብር ጭማሪ አይሸፍነውም? እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ ስጪን ብለውኛል።»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። አኃዞቹን አብረው ስለላኩልኝም አመሰግናለሁ። በግምት ከማውራት ቁጭ ብለን ማስላት እንችላለን።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። በ26,000 ብር ቤተሰቡን ይዘው ከሄዱ አሁን የሚኖሩትን ኑሮ መኖር አይችሉም። ባለቤትዎ ዝውውር ቢያገኙ እንኳን በየወሩ ይጎድላል። ሥራውን ግን ወዲያው እምቢ እንዲሉ አልመክርም። ሦስት ነገሮች ከተስተካከሉ ወደ 30,000 ብር አካባቢ የሚያዋጣ መንገድ አለ። እሱ ላይ እንደርሳለን።

ከደመወዙ እንጀምር። የ10,000 ብር ጭማሪ እጅዎ ሲገባ 10,000 አይሆንም። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በኋላ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ያለው በሙሉ 35 በመቶ ይከፈልበታል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ደግሞ 7 በመቶ ነው። የእርስዎ ደመወዝ አሁንም ከ14,000 በላይ ስለሆነ ጭማሪው ሙሉ በሙሉ የሚያርፈው የመጨረሻው እርከን ላይ ነው። 35 እና 7 ሲደመር 42። ከሚጨመርልዎ ከአንዱ ብር እጅዎ የሚገባው 58 ሳንቲም ብቻ ነው።

አሁን ከ16,000 ብር ላይ ግብር 3,550፣ ጡረታ 1,120 ተቆርጦ 11,330 ይደርስዎታል። በ26,000 ግብሩ 7,050፣ ጡረታው 1,820 ይሆንና 17,130 ይቀራል። እውነተኛው ጭማሪ 5,800 ብር ነው። ይህችን 58 ሳንቲም ይያዟት፤ ድርድሩ ላይ ትጠቅምዎታለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ድርጅቱን ይጠይቁ። 26,000 ያሉት መነሻ ደመወዝ ነው ወይስ አበል ተደምሮ? ጡረታ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ነው። 18,000 ደመወዝና 8,000 አበል ከሆነ ዛሬ እጅዎ የሚገባው ትንሽ ይበልጣል፤ የጡረታዎ መሠረት ግን ያንሳል። አሠሪው የሚያዋጣልዎ 11 በመቶም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የቤት አበል ደግሞ ስሙ ቢለያይም እንደ ደመወዙ ግብር አለበት።

ቀጥሎ በደብዳቤዎ ቢጠቅሱትም ስሌቱ ውስጥ ያላስገቡት ነገር አለ፤ የባለቤትዎ ገቢ። ብዙ ሰው ሥራ ሲቀይር የራሱን የድሮና የአዲስ ደመወዝ ብቻ ያወዳድራል። ቤቱ ግን የሚኖረው በሁለት ደመወዝ ነው። የእርስዎ 11,330 እና የእሳቸው 8,500 ሲደመር ዛሬ ቤታችሁ በወር 19,830 ብር ይገባል። ባለቤትዎ ሥራቸውን ለቅቀው ቢከተሉዎት ገቢያችሁ የእርስዎ 17,130 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የ10,000 ብር ጭማሪ አግኝተው የቤቱ ገቢ በ2,700 ብር ይቀንሳል። ገና ስለ ቤት ኪራይ አላነሳንም።

ከሲዳማ ክልል ወደ አዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የሚደረግ የመምህር ዝውውር ክፍት ቦታና የሁለቱንም ወገን ፈቃድ ይጠይቃል። መቼ እንደሚያልቅ ማንም ቀን ቆርጦ አይነግርዎትም። ማመልከቻው ዛሬውኑ ይግባ፤ ግን ዝውውሩ በወረቀት ሳይጸድቅ ባለቤትዎ ሥራቸውን እንዳይለቁ። የግል ትምህርት ቤቶች መምህር በብዛት የሚፈልጉት በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነውና እሱንም ጎን ለጎን ይሞክሩት።

ወደ ቤቱ እንምጣ። 5,000 እና 14,000 ብሎ ከማወዳደርዎ በፊት ምንና ምን እንደሚያወዳድሩ ያስተውሉ። ሀዋሳ የሚኖሩት ግቢ ውስጥ ከሆነ ልጆቹ መጫወቻ አላቸው፤ ልብስ ማስጫ፣ እንጀራ መጋገሪያ ቦታም ይኖራል። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ሁሉ አንድ ሳሎንና በረንዳ ላይ ያርፋል። ለአራት ሰው ይጠብባል። የሚመጥናችሁ ባለ ሁለት መኝታ ከሆነ የማወዳደሪያ ዋጋው የእሱ መሆን አለበት። እኔ ለጊዜው የእርስዎን 14,000 ይዣለሁ።

ፎቁንም ይጠይቁ። አብዛኞቹ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ከታችኛው የሚረክስበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ላይደርስ ይችላል። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለው?» ብለው ደላላውን ሳይሆን እዚያው ብሎክ የሚኖር ሰው ይጠይቁ። ውሃ ከሌለ ጀሪካን ማስቀዳት አለ፤ እሱም በየወሩ የሚወጣ ገንዘብ ነው። የመብራት ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራም ይጠይቁ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ዋጋም ይጨምራል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ወደ ውዱ እርከን ይገባል። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ እየተከለሰ ነው፤ የዓምናን ደረሰኝ አይተው አይገምቱ።

በኪራይ በኩል ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አነስተኛው የውል ዘመን 2 ዓመት ነው። አከራይ ከ2 ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ጭማሪም ቢሆን ከተማው በሚያወጣው መጠን በዓመት አንዴ እንጂ ባለቤቱ ሲያሰኘው አይደለም። የስድስት ወር ካልከፈልሽ የሚል ካጋጠመዎ አዋጁን ጠቅሰው ይነጋገሩ። «ሳናስመዘግብ እንዋዋልና ላሳንስልሽ» የሚልም ያጋጥማል። እሺ እንዳይሉ እለምንዎታለሁ። ልጆች ይዞ በሦስተኛው ወር ውጡ መባል የሚያደርሰውን ችግር ብዙ ቤተሰብ ላይ አይቻለሁ። የተመዘገበ ውል ካለዎት የሁለት ዓመት ወጪዎን ቀድመው ያውቁታል።

መጓጓዣ ላይ ያገር ልጅ ምክር ይስሙ፤ ቤት ሲፈልጉ ኪሎ ሜትር አይቁጠሩ፣ የታክሲ ቅያሬ ይቁጠሩ። ከጀሞ ሜክሲኮ በአንድ ታክሲ ይገባል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኪራዩ ሊቀንስ ይችላል፤ ግን ቢሮዎ ሜክሲኮ ስለሆነ ታክሲ መቀያየር አለ፣ ሰልፍ አለ። አመሻሽ ላይ ሰልፍ ቆመው የሚያጠፉት ጊዜ ከልጆቹ የሚወሰድ ነው። ሁለቱም የቀላል ባቡር መስመሮች ሜክሲኮ ላይ ያልፋሉ። ስለዚህ በአያት በኩል ወይም በሳሪስና ቃሊቲ መስመር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ቤትም ያስቡ። የባቡሮቹ ቁጥር ግን ጥቂት ነው፤ ጠዋት መጨናነቁ ከባድ ነው። ብቸኛ መንገድዎ ካደረጉት ይቸገራሉ።

ለስሌቱ እኔ በቀን 100 ብር ይዣለሁ፤ በወር 26 የሥራ ቀን 2,600 ይሆናል። ሀዋሳ ለባጃጅ በቀን 40 ብር ያወጣሉ ብንል 1,040 ነው። ልዩነቱ 1,560። ሲሄዱ በሥራ ሰዓት መግቢያና መውጫ ላይ ራስዎ ተሳፍረው ትክክለኛውን ይተኩበት።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ፤ እናትዎ። እሳቸው ልጅ ሲይዙ ደመወዝ ስለማይከፈላቸው ሥራቸው በየትኛውም የወር ሒሳብ ላይ አይታይም። አዲስ አበባ ሲደርሱ ግን ወዲያው ይታያል። ወይ የሕፃናት ማቆያ ነው ወይ የቤት ሠራተኛ። ሠራተኛ ብትይዙ ደመወዟ ብቻ አይደለም። ምግቧ፣ ማደሪያዋ፣ ሳሙናዋ፣ ስትታመም ሕክምናዋ አለ። ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አምስተኛ ሰው የት ይተኛል? እኔ ለሁሉም 4,000 ብር ይዣለሁ፤ ይህ ዝቅተኛው ግምቴ ነው። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የሦስት ዓመት ልጅን ለማያውቁት ሰው ትቶ ቀኑን ሙሉ መዋል አለ። ልጅ ሲታመም «እማዬ ድረሽልኝ» የሚባልባት ሴት 275 ኪሎ ሜትር ርቃ ነው የምትገኘው። ይህን ቁጥር አልሰጠውም፤ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። እናትዎን «አብረሽን ነይ» ማለት ይቻላል። ግን እድራቸው፣ ጎረቤታቸው፣ ቤተ እምነታቸው እዚያው ነው። ይህን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

ለትልቁ ልጅ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለታዳጊ ተማሪዎች የምገባ ፕሮግራም አላቸው። የደንብ ልብስና ደብተርም ከተማው ያቀርባል። የ7 ዓመት ልጅዎ እዚያ ከገባ በሀዋሳ የሚያወጡት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የግል ትምህርት ቤት ካሰቡ ግን ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አይጠይቁ። መመዝገቢያ፣ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርምና የተማሪ ሰርቪስ ሲደመር ሌላ ኪራይ ሊያክል ይችላል።

አስቤዛን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው፤ በእኔ እይታ ግን የእርስዎን ውሳኔ የሚለውጠው አስቤዛ አይደለም። ጤፍና ዘይት ሁለቱም ከተማ ውድ ነው። አንድ ነገር ያድርጉ። የራሳችሁን የአንድ ወር አስቤዛ በዝርዝር ይጻፉ፤ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ወተት፣ ሳሙና። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በዚያው ሳምንት የሰፈሩን ሱቅና የእሁድ ገበያውን ዋጋ ይጠይቅልዎት። የብር የምንዛሪ ሥርዓት ሐምሌ 2016 ከተለወጠ ወዲህ የጥቂት ወራት ዋጋ እንኳን ያረጃል፤ ስለዚህ ሁለቱም ዋጋ የአንድ ሳምንት መሆን አለበት። ከገጠር በነፃ ወይም በቅናሽ የሚመጣላችሁን ቆጮ፣ ወተት፣ አቮካዶም አይርሱ። እዚያ የሚገዛ ነው። የሸማቾች ማኅበር ሱቆች ዘይትና ስኳር በተሻለ ዋጋ ይሸጣሉ፤ ተጠቃሚ ለመሆን ግን የነዋሪነት መታወቂያ ሊጠየቅ ይችላል። ከሀዋሳ ሲወጡ መሸኛ ማውጣትዎን እንዳይረሱ።

እንግዲህ እንደምረው። ባለቤትዎ ዝውውር አግኝተው ደመወዛቸው ባይቀር፣ በእርስዎ በኩል 5,800 ብር ይጨምራል። ኪራይ በ9,000፣ ልጅ መያዣ በ4,000፣ መጓጓዣ በ1,560 ይጨምራል። ጉድለቱ በወር 8,760 ብር ነው። ይህን በ0.58 ሲያካፍሉት 15,100 ይመጣል። አሁን ያለዎትን ኑሮ ሳይቀንሱ ለመኖር ደመወዙ 41,100 ብር ገደማ መሆን ነበረበት ማለት ነው። ባለቤትዎ ሥራ ለቅቀው ልጅ እየያዙ ቢቀመጡ የሠራተኛው 4,000 ይቀራል፤ ግን የ2,700ው የገቢ ቅናሽ ይመጣና ጉድለቱ 13,260 ይደርሳል። ያን ለመሸፈን ደመወዙ 48,900 አካባቢ መሆን አለበት።

አኃዙ እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ግን የትኛው ወጪ እንደሚገፋዎት ስለሚያሳይ መውጫውንም ያሳያል። ኪራዩን ወደ 10,000 የሚያወርድ ቤት ብታገኙ፣ ድርጅቱ የሠራተኛ ሰርቪስ ቢኖረውና ቤቱ በሰርቪሱ መንገድ ላይ ቢሆን፣ ባለቤትዎም ቢዛወሩ፣ ከ8,760ው ላይ 4,000 እና 2,600 ይወርዳል። የሚቀረው 2,160 ነው። እሱን ለመሙላት የ3,700 ብር ጭማሪ ይበቃል። 30,000 ያልኩዎት ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ወርሃዊው ነው። አንዴ የሚወጣም አለ። የ2 ወር ኪራይ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የአይሱዙ ጭነት፣ ጫኝና አውራጅ። የጫኝ አውራጁን ዋጋ ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ልጆች ጋር ዕቃው ከመድረሱ በፊት ይቁረጡ፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ ይወደዳል። ትልቁ ሶፋ በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይወጣ ስለሚችል ሀዋሳ ሸጦ መሄድ ይሻላል። ዕቁብ ካለዎትና ዕጣው ደርሶዎት ከበሉ፣ የቀረው ክፍያ አዲስ አበባም ይከተልዎታል፤ ወርሃዊው ላይ ይጻፉት። ለበዓል፣ ለለቅሶ፣ ለፍቼ ጨምበላላ አራት ሆኖ ሀዋሳ መመላለስም በዓመት ተሰልቶ ለ12 መካፈል አለበት።

ከስሌቱ በላይ የምፈራልዎት ግን የሙከራ ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ 10 ሳምንት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊያሰናብትዎ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰቡ በመጀመሪያው ቀን አይነሳ። እርስዎ ቀድመው ይሂዱ፤ ባለቤትዎ፣ ልጆቹና እናትዎ ባሉበት ይቆዩ።

ይህም ዋጋ አለው። በደባል ክፍል 5,000፣ ለብቻ በመብላት የሚጨምር 3,000፣ መጓጓዣ 1,560፣ በወር ሁለቴ ሀዋሳ ደርሶ መልስ 2,400 ብንል 11,960 ይሆናል። ከ5,800 ጭማሪው ጋር ሲቀናነስ በወር 6,160 ብር ከኪስ ይወጣል። ለሁለት ወር ተኩል 15,400 ብር ነው። ዘመድ ቤት ማረፍ ከቻሉ የወሩ ጉድለት ወደ 1,160 ይወርዳል። ያንን ብር ቀድመው ካላስቀመጡ ተበድረው አይግቡበት።

አሁን ካሉበት ድርጅት ሲወጡም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ካለ በገንዘብ ተሰልቶ ይከፈልዎታል። ለመነሻ ወጪ ይረዳል። የአዲሱ ድርጅት ደብዳቤ ፊርማና ማኅተም ኖሮት እጅዎ ሳይገባ ግን የመልቀቂያ ማመልከቻ አያስገቡ። በስልክ የተነገረ ደመወዝ በደብዳቤው ሲመጣ ሌላ ሆኖ የተገኘባቸው ሰዎች አሉ።

ድርጅቱ ጋ ሲደውሉ «ኑሮ ተወዷል» ብለው አይጀምሩ፤ ይህን ሁሉም አመልካች ይላል። ይልቅ የተጠናቀረ ጥያቄ ያቅርቡ። አንደኛ፣ የሠራተኛ ሰርቪስ አለ ወይ፣ በየት በየት ያልፋል? ለእርስዎ 2,600 ብር ግብር ሳይነካው እጅ እንደመግባት ነው። በደመወዝ ልስጥሽ ቢሉ 4,480 ብር ያህል መጨመር ይኖርባቸዋል። ሁለተኛ፣ መነሻ ደመወዙ 30,000 እንዲሆን፤ ያ ካልሆነም የሙከራ ጊዜው እንዳለቀ 30,000 እንደሚሆን በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የማቋቋሚያ ክፍያ አንዴ ይስጡኝ ይበሉ፤ ከሌላ ከተማ ሰው የሚያስመጣ ድርጅት ይህን መስማቱ አዲስ አይሆንበትም። የሕክምና ወጪ ይሸፍኑ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ለሁለት ልጆች እናት ትርጉም አለው።

ሦስቱንም እምቢ ካሉና 26,000 ላይ ከቆሙ፣ እኔ ብሆን ቤተሰቡን አላንቀሳቅስም። የሥራ መደቡ አሁን ካሉበት ከፍ ያለ ከሆነና በአንድ ሁለት ዓመት ወደ ኃላፊነት የሚያደርስ ከሆነ ብቻ፣ ለብቻዎ ሄደው የሙከራውን ጊዜ መሞከር ያስኬዳል። ያም ባለቤትዎ ሲስማሙና የ15,400 ብሩ መጠባበቂያ ሲኖር ነው።

የሳምንቱን መጨረሻ አይጠብቁ። ነገ ጠዋት ደውለው ሦስቱን ጥያቄ ያቅርቡ፣ መልሱን በኢሜይል ይላኩልኝ ይበሉ፣ ለመወሰንም ተጨማሪ አንድ ሳምንት ይጠይቁ። በዚያ ሳምንት አንድ ቀን ፈቃድ ወስደው ጀሞን ራስዎ ይዩት፤ ውሃውን ይጠይቁ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ታክሲ ተሰልፈው ይመለሱ። የሚያገኙትን ኪራይና ታሪፍ በእኔ ግምት ቦታ አስገብተው እንደገና ይደምሩት።